ከጉልበት ቅየራ በኋላ የሚታዘዝ ስቴሮይድ፦ ስኳር ላለባቸው እናት የስድስት ቀኑ ክኒን ይወሰድ ወይስ ይቅር?

ጥያቄ፦ «እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ስኳር አለባት፤ ሜትፎርሚን ትወስዳለች፤ የመጨረሻው ኤ ዋን ሲዋ (የሦስት ወር አማካይ ስኳር የሚያሳየው ምርመራ) 7.3 ነበር። እዚህ ሜሪላንድ ግራ ጉልበቷን አስቀይራ ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። በቀዶ ሕክምናው ሰዓት በደም ሥር ዴክሳሜታሶን የተባለ ስቴሮይድ ሰጥተዋታል። ወደ ቤት ሲሸኟት ደግሞ የስድስት ቀን ሜድሮል (የስቴሮይድ ክኒን)፣ አስፕሪን፣ ሜሎክሲካም፣ ታይሌኖል (ፓራሲታሞል) እና ኦክሲኮዶን የተባለ ጠንካራ ማስታገሻ አዘዙላት። አክስቴ ከአዲስ አበባ ደውላ ‹ስቴሮይድ አጥንት ይበላል፣ ቁስል አያሽርም፣ ስኳሯንም ያናጋዋል፤ እንዳትነካው› አለች። ሜድሮሉን እስካሁን አላስጀመርኳትም። ቀኝ ጉልበቷም ያማታል፤ አዲስ አበባ እያለች መርፌ ትወጋበት ነበር። ክኒኑን ትውሰድ? መርፌውስ አሁን ይቻላል?»

መልስ፦

እናትዎ የታዘዘላቸውን ሜድሮል መውሰድ ይችላሉ። ነገር ግን የመጀመሪያውን ፍሬ ከመዋጣቸው በፊት ሦስት ነገር ይሟላ። የስኳር መለኪያው ከነስትሪፑ ቤት ውስጥ ይኑር፤ የጨጓራ መከላከያ ይታዘዝላቸው፤ የቀዶ ሐኪሙ ቢሮም ስለ ስኳራቸውና ስለ ድሮው መርፌ በግልጽ ይወቅ። የቀኝ ጉልበቱ መርፌ ግን አሁን አይሆንም።

አክስትዎ የተናገሩት ከባዶ አልተነሣም። ዴክሳሜታሶንና ፕሬድኒሶሎን ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ እየተገዙ ለወራት ሲዋጡ ፊት ሲያብጥ፣ ስኳር ሲወጣ፣ አጥንት ሲሳሳ ያየ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም። ያ ጉዳት እውነት ነው፤ የሚመጣው ግን ከመጠኑና ከጊዜው ርዝመት ነው። አጥንት የሚያሳሳው በየቀኑ ለሦስት ወርና ከዚያ በላይ የሚወሰድ ስቴሮይድ ነው። የስድስት ቀን ክኒን አዲሱን ብረትና ፕላስቲክ ከአጥንቱ አያላቅቅም። ከአጭር ኮርስ በኋላ የዳሌ አጥንት ጫፍ ደም አጥቶ መሞቱ በሕክምና መዛግብት ውስጥ አለ፤ ነገር ግን እጅግ ብርቅ ነው፤ አብዛኛው የሚደርሰው ብዙ ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ በወሰዱ ሰዎች ላይ ነው።

አሁን ስቴሮይዱ ምን እንደሚሠራ። ጉልበት ሲቀየር አጥንት ይቆረጣል፣ ጅማትና ሥጋ ይገፋል፤ ሰውነት ለዚህ የሚሰጠው ምላሽ እብጠት፣ ሙቀትና ሕመም ነው። ስቴሮይድ እብጠቱን የሚቀሰቅሱትን ኬሚካሎች ገና ከመነሻቸው ይቀንሳል፤ አይቡፕሮፌንና ሜሎክሲካም ከሚገቡበት ደረጃ አንድ እርምጃ ቀድሞ ማለት ነው። ማቅለሽለሽንም ያስታግሣል፤ ይህ ለሴቶችና ኦክሲኮዶንን ለመሰለ መድኃኒት ሆዳቸው ለሚገለበጥ ሰዎች ትልቅ እፎይታ ነው። ሥራውን ለመጀመር አንድ ሁለት ሰዓት ስለሚፈልግ ነው የማደንዘዣ ባለሙያው ቀዶ ሕክምናው ሊጀመር ሲል የሚሰጠው። የተለመደው መጠን አንድ ጊዜ ከ8 እስከ 10 ሚሊግራም ዴክሳሜታሶን ነው። የጉልበት ቅየራ ሕመምን የሚመለከተው ፕሮስፔክት የተባለው ዓለም አቀፍ መመሪያም ይህን አንድ ዶዝ ከፓራሲታሞል፣ ከሜሎክሲካም ወገን ከሆነ መድኃኒት፣ ከጭን ነርቭ ማደንዘዣና ሐኪሙ ጉልበቱ ዙሪያ ከሚረጨው ማደንዘዣ ጋር አብሮ ይመክራል።

ጥቅሙ ምን ያህል ነው? በ2022 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ የዴንማርክ ጥናት 485 ሰዎችን አካቷል። 24 ሚሊግራም ዴክሳሜታሶን በቀዶ ሕክምናው ጊዜ፣ ሌላ 24 ሚሊግራም ደግሞ በማግስቱ የተሰጣቸው ሰዎች በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት የተጠቀሙት ሞርፊን ምንም ካልተሰጣቸው በ10 ሚሊግራም ገደማ ያነሰ ነበር። አንድ ዶዝ ብቻ የተሰጣቸው ያሳዩት ልዩነት ግን ትንሽ ነበር። ስለዚህ ስቴሮይድ የሕመሙን ጫፍ ያለዝባል እንጂ ሕመሙን አያጠፋውም። «ስቴሮይድ ወስዳ ለምን አሁንም ያማታል?» ብለው እንዳይደናገጡ ይህን አስቀድመው ይወቁት።

ሦስተኛው ቀን ደግሞ በራሱ ከባድ ነው። የነርቭ ማደንዘዣውና ጉልበቱ ላይ የተረጨው መድኃኒት በመጀመሪያው ቀን ያልቃል። በደም ሥር የተሰጠው ዴክሳሜታሶንም ሰውነት ውስጥ ሥራውን የሚቀጥለው ከ36 እስከ 54 ሰዓት ብቻ ነው። እናትዎ በሁለተኛው ቀን «ምንም አላመመኝም» ብለው ዛሬ ቢያቃስቱ የተበላሸ ነገር አለ ማለት አይደለም፤ መከላከያዎቹ ተራ በተራ ስለለቀቋቸው ነው። አንዳንድ ሐኪሞች የክኒኑን ኮርስ የሚያዝዙት ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ይሁን እንጂ የክኒኑ ማስረጃ ከደም ሥሩ ዶዝ የቀጠነ ነው። ለስኳር ሕመምተኛ ሜድሮሉ አጋዥ ነው፤ ግዴታ ግን አይደለም። የቀዶ ሐኪሙ ቢሮ «ስኳራቸው ከፍ ካለ ይቅር» ቢልዎ ማገገማቸው በዚህ ምክንያት አይበላሽም።

የሜድሮሉ ፓኬት 21 ፍሬ ይዟል፤ እያንዳንዱ 4 ሚሊግራም ሜቲልፕሬድኒሶሎን ነው። በመጀመሪያው ቀን 6 ፍሬ፣ ከዚያ 5፣ 4፣ 3፣ 2፣ በመጨረሻም 1 ፍሬ ይወሰዳል። የመጀመሪያው ቀን 24 ሚሊግራም ከ30 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን ወይም ከ4.5 ሚሊግራም ዴክሳሜታሶን ጋር እኩል ነው። ሙሉው ፓኬት 84 ሚሊግራም ነው፤ በፕሬድኒሶሎን ሲሰላ 105 ሚሊግራም። ይህን ቁጥር የምጽፈው አክስትዎ ከሚያውቁት በየቀኑ ለወራት ከሚዋጠው ጋር እንዲያነጻጽሩት ነው። ፓኬቱ ላይ የታተመው ሥርዓት በመጀመሪያው ቀን 2 ፍሬ ከቁርስ በፊት፣ 1 ከምሳ በኋላ፣ 1 ከእራት በኋላ፣ 2 ደግሞ ለመኝታ ይላል። ችግሩ የመኝታው ነው፤ ስቴሮይድ እንቅልፍ ይነሳል፣ ልብ ያስመታል፣ አንዳንዱን ሰው ያለ ምክንያት ያናድዳል ወይም ያስለቅሳል። ጉልበቷ የተቀየረ ሴት ደግሞ እንዲያውም አትተኛም። የቀኑን መጠን ጠዋት ከቁርስ ጋር፣ ወይም ጠዋትና ምሳ ላይ ከፍሎ መውሰድ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን ይጠይቁ፤ ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ።

ወደ ስኳሩ እንምጣ፤ በእናትዎ ጉዳይ ዋናው ይኸው ነው። ኤ ዋን ሲ 7.3 ለዚህ ቀዶ ሕክምና ደህና ቁጥር ነው፤ ሐኪሞች የሚያሳስባቸው ወደ 8 ሲጠጋና ሲያልፍ ነው። ነገር ግን ቀዶ ሕክምናው ራሱ ስኳር ያወጣል፤ ስቴሮይዱ ይጨምርበታል፤ እናትዎም ስለማይንቀሳቀሱ ሌላ ይደመርበታል። ከ180 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በላይ የሚቆይ ስኳር የቁስል መመረዝን አደጋ ስለሚያሳድግ አክስትዎ «ቁስል አያሽርም» ያሉት በዚህ በኩል ትክክል ነው። በ2021 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የወጣ ትልቅ ጥናት ስኳር ያለባቸውን ጨምሮ ከ8,700 በላይ የቀዶ ሕክምና ታካሚዎችን አይቷል። 8 ሚሊግራም ዴክሳሜታሶን በተሰጣቸው ዘንድ የቁስል ኢንፌክሽን 8.1 በመቶ፣ ባልተሰጣቸው ዘንድ 9.1 በመቶ ነበር፤ አንዱ ዶዝ ቁስል አላበላሸም ማለት ነው። ግን ያ ጥናት የአንድ ቀን ዶዝን እንጂ የስድስት ቀን ክኒንን አልመረመረም። ስለዚህ ከጥናቱ ላይ ተደግፎ መለኪያውን መተው አይቻልም።

አብዛኛው ቤተሰብ የሚሳሳተው አለካኩ ላይ ነው። ጠዋት የሚወሰድ ስቴሮይድ ስኳርን ከፍ የሚያደርገው ከሰዓት በኋላና ማታ ነው። ሌሊቱን ይወርድና ጠዋት በባዶ ሆድ ሲለኩት 125 ያሳይዎታል፤ «ደህና ነው» ብለው ይተዉታል፤ ከቀትር በኋላ ግን 270 ደርሶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ኮርሱ እስኪያልቅና ከዚያም ለሁለት ቀን በቀን አራት ጊዜ ይለኩ፦ ከቁርስ በፊት፣ ከምሳ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ከእራት በፊት፣ ሲተኙ። በወረቀት ከነሰዓቱ ይጻፉት። ዛሬ ገና ሳይጀምሩ ለክተው ከ250 በላይ ከሆነ አያስጀምሯቸው፤ ይደውሉ። በኮርሱ መሃል ደጋግሞ ከ180 ካለፈ በዚያው ቀን ለመደበኛ ሐኪማቸው ይደውሉ፤ መድኃኒት ለጥቂት ቀን ሊጨመርላቸው ይችላል። ሁለት ጊዜ ከ250 ካለፈ ደግሞ የሚቀጥለውን ዶዝ ከመስጠትዎ በፊት ይደውሉ። ከ300 በላይ ሆኖ ጥም፣ ብዙ ሽንት፣ ማስመለስ ወይም ድብታ ካለበት ድንገተኛ ክፍል ነው። ሜትፎርሚኑን በራስዎ እጥፍ አያድርጉ። ከሦስት ሳምንት ያነሰ የስቴሮይድ ኮርስ ሰውነት ራሱ የሚያመነጨውን ስቴሮይድ አብዛኛውን ጊዜ ስለማያደክም ሐኪሙ «አሁኑኑ አቁሙ» ካለ ማቆም ይቻላል፤ «ቀስ በቀስ ካልተቀነሰ አደጋ ነው» የሚባለው ለረጅም ጊዜ ለወሰደ ሰው ነው።

የምግቡን ነገር በጠያቂ በኩል ይቆጣጠሩ። በማር የተሠራ አጥሚት፣ ጁስ፣ ለስላሳ፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ፣ ኬክ፤ ሁሉም በፍቅር ይመጣሉ፤ ከስቴሮይድ ጋር ግን ስኳሩን ይበልጥ ያወጡታል። እንቁላል፣ ዶሮ፣ ዓሣ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን ይብሉ፤ እንጀራው ከተለመደው ያነሰ ይሁን። ቁስል የሚያሽረው ፕሮቲን ነው። ጾም ከገባና እናትዎ የማይለቁ ከሆነ የንስሐ አባታቸውን ያነጋግሩላቸው፤ በሽተኛ ይፈቀድለታል። በባዶ ሆድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ ስቴሮይድ ከሜሎክሲካም ጋር መዋጥ ግን በፍጹም አይሆንም።

ይህም ወደ ጨጓራው ያመጣናል። አስፕሪኑ የደም መርጋት መከላከያ ነው፤ አይቋረጥም። ሜሎክሲካሙ የሕመምና የእብጠት ነው። ሦስተኛ ሆኖ ስቴሮይዱ ሲገባ የጨጓራ መድማት አደጋ በግልጽ ይጨምራል፤ ዕድሜያቸው ከ65 ማለፉ ደግሞ ሌላ ጭማሪ ነው። ከጻፉልኝ ዝርዝር ውስጥ የጎደለው አንድ መድኃኒት ነው፦ ኦሜፕራዞል ወይም የሱ ወገን። 20 ሚሊግራም፣ ጠዋት ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት። ለቢሮው ሲደውሉ «አስፕሪን፣ ሜሎክሲካምና ሜድሮል አብረው ታዘዋል፤ የጨጓራ መከላከያ ያስፈልጋቸዋል ወይ?» ይበሉ። የኩላሊታቸው ምርመራ ደካማ ከሆነ ሜሎክሲካሙ ራሱ መቅረት ስላለበት አብረው ያንሡት። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ያስመለሱት የቡና አተላ ከመሰለ ድንገተኛ ነው። ኦክሲኮዶኑ ደግሞ ታይሌኖል የተቀላቀለበት ፐርኮሴት ከሆነ ከታይሌኖሉ ጋር ደምረው ይቁጠሩ፤ በዚህ ዕድሜ በቀን ከ3,000 ሚሊግራም ባያልፍ እመርጣለሁ።

ስቴሮይድ የሚሸፍነው ነገር አለ፤ በዚህ ላይ ንቁ ይሁኑ። ትኩሳትን ይደብቃል፤ በደም ምርመራ ላይ ደግሞ ኢንፌክሽን ሳይኖር ነጭ የደም ሴልን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት «ትኩሳት የላትም» ማለት ዋስትና አይደለም፤ ቁስሉን በዓይንዎ ይዩ። ፋሻው ላይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ነጠብጣብ ደም ወይም ቀላ ያለ ውኃ ማየት የተለመደ ነው። በአምስተኛው ቀን አሁንም ፋሻ የሚያርስ ከሆነ፣ ፈሳሹ ከደፈረሰ ወይም ከሸተተ፣ መቅላቱ ከቀን ወደ ቀን ከሰፋ ይደውሉ። «ፀረ ተሕዋስያን ስጡልን» ብሎ ወደ ሌላ ክሊኒክ መሄድ ስሕተት ነው፤ ቀድሞ ቀዶ ሐኪሙ ሊያየው ይገባል፤ አለዚያ መድኃኒቱ ምርመራውን ያደናግራል። ባት ላይ የሚጨምር ሕመምና እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት ከመጣ 911 ይደውሉ። ኮርሱ ባለቀ በማግስቱ ጉልበቱ ትንሽ ግትር ቢልና ሕመሙ መጠነኛ ቢጨምር ግን ይጠበቃል፤ በሁለት ቀን ይረግባል።

ሕመሙ ሲለዝብ ጊዜው የፊዚዮቴራፒ ነው፤ ስቴሮይዱ የተሰጠው ለዚህ ነውና። ማስታገሻውን ከልምምዱ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድመው ይስጡ። ዋናው ሥራ ጉልበቱን ፈጽሞ መዘርጋት ነው። ፎጣ ጠቅልለው ተረከዙ ሥር ያድርጉና ጉልበቱ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይርገብ፤ 5 ደቂቃ፣ በቀን ብዙ ጊዜ። ጉልበት ሥር ትራስ ማድረግ ይመቻል፤ ግን ጉልበቱን አጥፎ ያደርቀዋል፤ እናቶች በጣም የሚወዱት ስሕተት ነው። ማጠፉን በሁለት ሳምንት ወደ 90 ዲግሪ ለማድረስ ይሞክሩ። በረዶ በጨርቅ ተሸፍኖ 20 ደቂቃ ይያዝ፤ እግሩ ከልብ ከፍታ በላይ ይሁን። ስቴሮይድ ሰውን ያበረታል፤ «ዳንኩ» ብለው ኪችን ገብተው ሰዓታት ቢቆሙ ወይም እሑድ ቅዳሴ ቆመው ካስቀደሱ ማታ ጉልበቱ እጥፍ ያብጣል። ስግደቱና መንበርከኩ ለአሁን ይቆይ፤ መቼ እንደሚቻል ፊዚዮቴራፒስቱና ቀዶ ሐኪሙ ይናገሩ።

አሁን ወደ ድሮው መርፌ። አዲስ አበባ የተወጉት ምን እንደነበረ፣ ስንት ጊዜ፣ የመጨረሻው መቼ እንደሆነ እናትዎን በእርጋታ ይጠይቁ። የጉልበት መርፌ አብዛኛውን ጊዜ ስቴሮይድ ነው፤ ከቀዶ ሕክምና በፊት ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ የሚቀየረው ጉልበት ላይ ተወግቶ ከሆነ የኢንፌክሽን አደጋን ከፍ ስለሚያደርግ ሐኪሙ ማወቅ አለበት። ክኒንስ? «የቁርጥማት» እየተባለ የሚዋጥ ነገር ነበራቸው? በቀን ከ5 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን በላይ የሚሆን ስቴሮይድ ከሦስት አራት ሳምንት በላይ የወሰደ ሰው አድሬናል እጢው (ሰውነት የራሱን ስቴሮይድ የሚያመነጭበት) ሊተኛ ይችላል። ያ ሰው ከቀዶ ሕክምና በኋላ የደም ግፊቱ ሊወርድ፣ ሊደክም፣ ሊያስመልስ ይችላል፤ የመድኃኒቱም አወሳሰድ ሌላ ነው። ከዚህ የሚብሰው ስውሩ ነው። በ2022 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አርትሪ ኪንግ የተባለው የመገጣጠሚያ «ሰፕልመንት» መለያው ላይ ሳይጻፍ ዴክሳሜታሶንና ዳይክሎፌናክ እንደተገኘበት አስጠንቅቋል። እንዲህ ያለ ክኒን ቦርሳቸው ውስጥ ካለ ከነብልቃጡ ለሐኪሙ ያሳዩ። በድንገት አይጣልም፤ ከሜድሮሉ ጋርም አይደረብም።

ከሀገር ቤት የመጣ ሰው ሁሉ ሊጠየቅ የሚገባው፣ እዚህ አገር ግን ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ጥያቄ ልጨምር። ስትሮንጂሎይድስ የተባለ ከአፈር በቆዳ የሚገባ የአንጀት ትል ለአሥርት ዓመታት ምልክት ሳያሳይ ሰውነት ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ስቴሮይድ ሲወሰድ ደግሞ ተራብቶ መላ ሰውነት ሊወርር ይችላል። በአጭር ኮርስ አደጋው ትንሽ ነው፤ ግን ሲደርስ ይገድላል። በእናትዎ የደም ምርመራ ላይ ኢዮሲኖፊል የሚባለው የነጭ ደም ሴል ዓይነት ከፍ ብሎ ከሆነ፣ ወይም የሚያሳክክና የሚመላለስ የቆዳ ሽፍታ ካለባቸው፣ ለመደበኛ ሐኪማቸው «ከኢትዮጵያ ስለመጡ የስትሮንጂሎይድስ የደም ምርመራ ይደረግላቸው» ይበሉ። ሕክምናው አይቨርሜክቲን ነው፤ ቀላልና የታወቀ። ተኝቶ ያለ ቲቢ የሚያሳስበው ስቴሮይዱ ለወር ያህልና ከዚያ በላይ ሲወሰድ ነው።

የቀኝ ጉልበቱ መርፌ ለምን አሁን እንደማይሆን። የመጀመሪያው ምክንያት ስኳሩ ነው፤ መርፌውም ለቀናት ስኳር ስለሚያወጣ በዴክሳሜታሶኑና በሜድሮሉ ላይ ሦስተኛ ስቴሮይድ ይሆናል፤ አዲሱ ቁስል ደግሞ ገና አልደረቀም። ሁለተኛው፣ ቀኙም ሊቀየር ከታሰበ ከመርፌው በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር መቆየት ይኖርበታል፤ አሁን ቢወጉ ቀጠሮው ይገፋል። ለአሁኑ በረዶ፣ ታይሌኖልና ዎከሩ ይበቃሉ፤ በስድስተኛው ሳምንት ቀጠሮ ላይ ስለ ቀኙ ይነጋገሩ። የተቀየረው ግራ ጉልበት ደግሞ ወደፊት ቢያብጥ ማንም ስቴሮይድ እንዳይወጋበት፤ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ውስጥ በመርፌ የገባ ጀርም ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ያስከትላል። መጀመሪያ ፈሳሹ በንጹሕ ሁኔታ ተቀድቶ ለኢንፌክሽን መመርመር አለበት፤ ይህን የሚወስነውም የቀዶ ሐኪሙ ነው።